ከሰማንያ በታች

እኔ በውፍረቴ አፍሬ አላውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለሦስት መቶ የፋብሪካ ሠራተኛ ምሳ ያበሰለች ሴት ቀጭን ብትሆን ምግቧን ማን ያምናል? ሠራተኞቹ «እትዬ ጭልፋ» ይሉኛል፤ ሰውነቴን የሚያክል ስም አላወጡልኝምና ደስ ይለኛል። እንዲህ ተደላድዬ በምኖርበት ሰዓት ነው እንግዲህ አንድ ልጅ እግር ሐኪም፣ ፊቴን እንኳ ሳያይ፣ ወረቀቱን እያገላበጠ «ዘጠና ሁለት ኪሎ ነዎት። ከሰማንያ በታች ካልወረዱ ኩላሊትዎን አንወስድም» ያለኝ።

ኩላሊቱ ለታናሽ ወንድሜ ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ነበር ልበል መሰለኝ፣ ምሰሶ ላይ ከወጣ ሁለት ዓመት አልፎታል። በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ተጋድሞ ደሙን በማሽን ያጥቡለታል። እናትና አባታችን የሉም፣ የሚስቱ ደም አይገጥምም፣ ልጆቹ ገና ሕፃናት ናቸው። ተመርምሬ የገጠምኩት እኔ ብቻ ነኝ። ልቡ እየደከመ ስለሆነ ቀዶ ጥገናው ከአራት ወር ማለፍ የለበትም ተባለ። በሌላ አማርኛ፣ የወንድሜ ነፍስ በእኔ ሞራ ላይ ተንጠለጠለች።

የሆስፒታሉ የምግብ ባለሙያ አንድ ትልቅ ቆርቆሮ ዱቄት አሳየችኝ። ሼክ ይሉታል። ጠዋት ሁለት ማንኪያ በውሃ በጥብጦ መጠጣት፣ ምሳ ላይም እንደዚያው፣ ማታ ብቻ እንደ ሰው መብላት። «ሁሉም ነገር አለበት» አለችኝ። «ጣዕምስ?» ብላት «ቫኒላ» አለች። ቫኒላ በአጠገቡም አላለፈ። ስኳር የተነሰነሰበት ኖራ ነው። ማብሰል የማያውቅ ሰው፣ መብላት የማይወድ ሰው የፈጠረው ነገር መሆኑን በመጀመሪያው ጉንጭ ነው ያወቅኩት። አፍንጫዬን ይዤ ጨለጥኩት። ኮዳውን ስበጠብጥ ሠራተኞቹ በማደያው መስኮት አንገታቸውን አስግገው «እትዬ፣ ጡጦ ጀመሩ እንዴ?» ይሉኛል። «አዎ፣ አንተ የጣልከውን አንስቼ ነው» እላለሁ። ይስቃሉ። እኔ ግን ረሃቡ ዓይኔን ያጭበረብረኝ ነበር።

የወንድሜንም ምሳ የማበስለው እኔ ነኝ፤ ሚስቱ ቀን ቀን ሥራ ላይ ናት። ጨው ተከልክሏል። ጨው ከበላ ይጠማዋል፣ ከጠማው ይጠጣል፣ የጠጣው ውሃ ደግሞ መውጫ የለውምና ሳንባው ውስጥ ገብቶ ያፍነዋል። ይኼንን ሐኪሞቹ ስንት ጊዜ እንደነገሩኝ። ስለዚህ ትልቁ ድስት ጨው ሳይነካው በፊት ሁለት ጭልፋ እቀዳለትና በትንሿ ድስት ለብቻው እጨርሰዋለሁ። እኔ ጨው የምጨምረው መጨረሻ ላይ፣ ስጎው ከበሰለ በኋላ ነው፤ ስለዚህ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ጨው የሌለውን ነገር ሰው ወደሚበላው ማምጣቱ ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ትንሽ ዘይት። ቀምሼ እጨምራለሁ፣ ጨምሬ እቀምሳለሁ። ከዚያ በምሳ ዕቃ አድርጌ ለፋብሪካው ሹፌር እሰጠዋለሁ፤ በመንገዱ ያደርስልኛል። ማታ ደውዬ «ምግቡ እንዴት ነበር?» ስለው «ይበላል» ይለኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከ«ይበላል» ሌላ ቃል ወጥቶት አያውቅም። እኔን፣ ሦስት መቶ ሰው እጇን የሚያመሰግናትን ሴት።

ሚስቱ ሚዛን ገዛች። እሁድ እሁድ እየሄድኩ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ በባዶ እግሬ እወጣበታለሁ። የመጀመሪያው እሁድ ዘጠና አለ። ሁለት ኪሎ። ወንድሜ አንገቴ ሥር ገብቶ አቀፈኝ። በሁለተኛውም ዘጠና፣ በሦስተኛውም ዘጠና። በአራተኛው ዘጠና ከግማሽ። ሚዛኑን ሳይሆን እኔን ማየት ጀመሩ። አምስተኛው እሁድ ላይ አሁንም ዘጠና ከግማሽ ሲል ሚስቱ የልጆቹን ልብስ እያጣጠፈች፣ ረጋ ብላ፣ «እትዬ፣ መስጠት ካልፈለጉ እኮ አልፈልግም ማለት ይችላሉ። ማንም አይፈርድብዎትም። እየበሉ አልበላሁም አይበሉን ብቻ» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። «በእናቴ መቃብር፣ ከዚህ ከቫኒላ ጉድና ከማታ ራቴ በቀር የበላሁት ነገር የለም» ብዬ ማልኩ። ከዚያ ወንድሜን አየሁት። አንድ ቃል እንዲናገርልኝ። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ ወለሉን እያየ «እትዬ፣ ሚዛኑ ግን…» አለ።

ሚዛኑ ግን። በሕይወቴ እንደዚያ ሆድ ብሶኝ አያውቅም። «ሰማንያ ሳልገባ የዚህን ቤት ደጃፍ አልረግጥም» አልኩና ጫማዬን በእጄ አንጠልጥዬ ወጣሁ። ጫማውን ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሳደርግ ይከተለኝ ይሆን ብዬ ትንሽ ቆየሁ። አልተከተለኝም። ያለ ደጋፊ ደረጃ መውጣትና መውረድ እንደማይችል ትዝ ያለኝ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

በማግስቱ ወጥ ቤት ገብቼ ረዳቴን ያዝኳት። ከሦስት ዓመት በፊት ከሆቴል ቤት የመጣች፣ ቃል በገንዘብ የሚገዛ የሚመስላት ዝምተኛ ሴት ናት። «ቀኑን ሙሉ አጠገቤ ነሽ። እኔ እበላለሁ?»

«አይበሉም» አለች። ሽንኩርቷን ጨርሳ ልጣ «ይቀምሳሉ እንጂ» አለች።

«መቅመስ መብላት ነው እንዴ?»

በሚቀጥለው ቀን ምሳ አድለን ስንጨርስ ከጠረጴዛው ሥር በጨርቅ የተሸፈነ ትሪ አወጣች። እኔ የምቀምሰው በዳቦ ነው፤ ሠራተኛው በዳቦ የሚበላውን በማንኪያ ቀምሶ ማወቅ አይቻልም። ለካ እኔ ዳቦ ቆርሼ በጠቀስኩ ቁጥር እሷም ያንኑ የሚያህል ጠቅሳ ትሪው ላይ ስታስቀምጥ ኖሯል። ሩዝ በዘገንኩ ቁጥርም እንደዚያው። ጨርቁን ገለጠችው። ሁለት ጎልማሳ ጠግቦ የሚነሳበት ምግብ ነው። «ይኼ ከትልቁ ድስት» አለች በጣቷ እያሳየች፣ «ይኼ ከሩዙ።» ከዚያ የትሪውን ግማሽ የያዘውን፣ ዘይት የጠጣውን ዳቦ አሳየችኝ። «ይኼ ደግሞ ከትንሿ ድስት።»

እጄን በአፌ ጫንኩ። ለእሱ እንዲጥመው ብዬ ስቀምስ፣ ስቀምስ፣ እሱን የሚያድነውን ኪሎ መልሼ እበላው ነበር። አልዋሸሁም። እጄ ወደ አፌ ሲሄድ አላየሁትም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳያስፈቅደኝ ነው ለካ የኖረው። ያን ዕለት ሄጄ ልነግራቸው ይገባ ነበር። ትሪ ሙሉ ቀምሼ ነበር ብል ሚስቱ በምን ዓይን እንደምታየኝ ሳስበው ግን እልኬ አላስኬደኝም። ስገባ በኪሎዬ ነው የምገባው አልኩ።

በማግስቱ የአፍ መሸፈኛ አደረግኩ። ረዳቴን «ከዛሬ ጀምሮ የምትቀምሺው አንቺ ነሽ። የትልቁም ድስት ጨው የአንቺ ነው፤ ለወንድሜ ሳልቀዳ እንዳትጨምሪ ብቻ» አልኳት። ትንሿን ድስት ግን ማንም አልቀመሳት። ሎሚውንም ነጭ ሽንኩርቱንም በዓይኔና በአፍንጫዬ እጨርሰዋለሁ፣ ጨው ለሌለው ነገር ምን መቅመስ ያስፈልገዋል አልኩ።

ኪሎው እንደ ጉድ ወረደ። ፋርማሲው ደጃፍ ያለው ሚዛን ላይ ሰማንያ ስምንት፣ ሰማንያ ስድስት፣ ሰማንያ ሦስት እያለ። ቀሚሶቼ ትከሻዬ ላይ ተንጠለጠሉ፣ ጉንጬ ጎደጎደ፣ ጠባዬም አብሮ ሟሟ፤ ቀና ብሎ ያየኝን ሁሉ እቆጣ ነበር። ወንድሜ ይደውላል። «ነይ እንጂ እትዬ፣ እሷ እኮ ጨንቋት ነው።» «ሰማንያ ስገባ» እለዋለሁ። «ምግቡስ?» ስለው «ይበላል» ይለኛል። እዘጋበታለሁ። አሥር ሳምንት ሙሉ እንዲህ አደረግኩት። አሥር ሳምንት ዓይኑን ሳላይ።

አንድ ዓርብ ጠዋት ከሥራ በፊት ፋርማሲው እስኪከፈት ቆሜ ጠበቅኩ። ሰባ ዘጠኝ ከስምንት መስመር። ወርጄ እንደገና ወጣሁበት። ያው ነው። ፋርማሲስቷን አቅፌ ልስማት ምንም አልቀረኝም። በዚህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት አረፈድኩ። ስገባ ረዳቴ ምሳው እንዳይዘገይ ስጎውን ጥዳ፣ ሽንኩርቱን አቁላልታ፣ ድስቱ መንተክተክ ጀምሯል። «ጎበዝ» አልኳት። በሕይወቴ አመስግኛት አላውቅም ነበር። መሸፈኛዬን አድርጌ፣ እያዜምኩ፣ እንደ ወትሮዬ ሁለት ጭልፋ ወደ ትንሿ ድስት ቀዳሁ። ሎሚ ጨመርኩ፣ ነጭ ሽንኩርት ጨመርኩ፣ ለሹፌሩ ሰጠሁት።

ሰባት ሰዓት ገደማ ወንድሜ ደወለ። «እትዬ፣ ምን አድርገሽበት ነው? ዛሬ እጅሽ የዱሮው እጅ ነው። ጠርጌ ነው የበላሁት።»

ልቤ ቅቤ ጠጣ። «እሁድ እመጣለሁ» አልኩት።

«ሰማንያ ገባሽ እንዴ?»

«ስወጣበት ታያለህ።»

ሳቀ። ያ ሳቁ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በአፍንጫው የሚጀምረው። እኔም ሳቅኩ። ጨው የሌለው ምግብ እንዴት ዛሬ ጣፈጠህ ብዬ አልጠየቅኩም። ሃያ ሁለት ዓመት ያበሰልኩ ሴት፣ ይኼንን አልጠየቅኩም።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ቦታ እያለሁ ሚስቱ ደወለች። ትናንት ከሰዓት በኋላውን ውሃ ውሃ ሲል ዋለ አለች፣ እሷ ሥራ ላይ ስለነበረች የሚከለክለው አልነበረም። ሲመሽ ትንፋሽ አጠረው። ሆስፒታል አደረሱት፣ ልቡ ግን አልቻለም። ደሙ የሚታጠብበት ቀን እኮ ዛሬ ነበር እያለች ታለቅስ ነበር። ስልኩን ይዤ ቆምኩ። ከዚያ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ዞር አልኩና ረዳቴን «ትናንት ጨው መቼ ነው የጨመርሽው?» አልኳት።

«ሲዘገዩብኝ ጊዜ ቸኮልኩና» አለች፣ «እንደ ሆቴሉ ከሽንኩርቱ ጋር…» አለችና ትንሿን ድስት አየቻት። ፊቷ ዓመድ መሰለ። ላንቃት ፈልጌ ነበር። ግን አንድ ዳቦ ቆርሼ ብጠቅስ ኖሮ፣ አንድ ጉርሻ፣ አውቀው ነበር። ሰማንያ የገባሁ ዕለት አንድ ጉርሻ ምን ያደርገኝ ነበር? መሸፈኛውን ከፊቴ አወለቅኩ።

እሁድ፣ እንዳልኩት፣ ሄድኩ። ቤቱ ሰው ሞልቶታል። ሚዛኑን ለወንበር ቦታ እንዲለቅ ግድግዳ አስደግፈው አቁመውታል። ሚስቱ እንዳየችኝ ብድግ አለች፤ ከላይ እስከ ታች አየችኝና አፏን ያዘች። «አልቀዋል እኮ እትዬ» አለች። «እኔ እኮ እየዋሹን መስሎኝ ነበር። አፈር ልብላ፣ ይቅር ይበሉኝ።» እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዝኳት። ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ገብታ ምሳ ዕቃዬን አመጣችልኝ። አጥባ፣ አድርቃ፣ ክዳኑን ገጥማ። «የመጨረሻ ምግቡ የእርስዎ እጅ ሆነለት። ስንት ጊዜ ሳመጣለት እንዲህ ደስ ብሎት ሲበላ አይቼው አላውቅም ብሎ ነው ሹፌሩ የነገረኝ። ይኼ ያጽናናዎት።»

መናገር ነበረብኝ። አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ ጨው ገብቶበት ነበር የሚለው። እውነቴን በእናቴ መቃብር በማልኩባት ቀን ውሸታም አለችኝ። አሁን ደግሞ እጄን ይዛ፣ ዓይኔን እያየች፣ የምለውን ሁሉ ልታምን ተዘጋጅታለች። «ተይው፣ አለፈ» አልኳት። አመነችኝ።

ልጆቹን ጠራቻቸው። «አክስታችሁን ሳሟት» አለቻቸው፣ «ለአባታችሁ ብላ ነው እንዲህ የሆነችው።» ትልቁ በግራ፣ ትንሿ በቀኝ ጉንጬን ሳሙኝ። እኔም ሳምኳቸውና ምሳ ዕቃውን በፌስታል ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።