ሦስት ሽንፈት፣ አንድ ደብዳቤ

የክለቡ ሊቀመንበር እስካሁን ስድስት አሰልጣኝ አባርረዋል። «ሦስት ተከታታይ ሽንፈት፣ አንድ ደብዳቤ» የሚለውን አንቀጽ ደንቡ ውስጥ ያስገቡትም እሳቸው ናቸው። የስንብት ደብዳቤው ኮምፒዩተር ላይ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል፤ ጸሐፊዋ የምትቀይረው ስምና ቀን ብቻ ነው። አንዴ ቸኩላ ስሙን ሳትቀይረው ቀረችና አምና የተባረረው ሰውዬ ዘንድሮም ተባረረ። ሰውዬውም አላሳፈራትም፤ መጥቶ ፈርሞ ወሰደ።

ሰባተኛው አሰልጣኝ ግን የሊቀመንበሩ የልጃቸው ባል ነው። እሁድ አራት ለባዶ ተሸነፈና ሦስተኛውን ሞላ።

ሰኞ ጠዋት፣ ሊቀመንበሩ ለስብሰባ ጫማቸውን ሲያስሩ ባለቤታቸው በሩን ይዘው ቆሙ።

«ስማ አንተ ሰውዬ፤ የሚኖሩበት ቤት የክለቡ ነው። ካባረርከው የት ይገባሉ?»

«እኔ እንጃ።»

«እዚህ ነዋ! ልጅህ፣ ሦስቱ ልጆቿ፣ እሱም ከነታክቲክ ሰሌዳው።»

ሊቀመንበሩ ላብ አጠመቃቸው። አማቻቸው እንደ ሰው አያወራም፤ ያብራራል። ባለፈው ምሳ ላይ በጨው ዕቃ፣ በሹካና በእሳቸው የደም ግፊት ኪኒን ስለ ተከላካይ መስመር ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያብራራ፣ ኪኒኑ ከጨዋታ ውጪ ሆኖ ሳይዋጥ ቀርቷል።

ስብሰባው ላይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወገኖቼ፣ ሰው እንታገሥ እንጂ! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

ምክትላቸው ጥርስ ሐኪም ነው። «እንቁላሉማ በእግሩ መሄድ ጀምሯል» አለ። «ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን እየወረደ ነው።»

ቦርዱ በሳቅ ፈረሰ።

«አሰልጣኝ መቀያየር ቡድን ያፈርሳል ነው የምላችሁ!»

«ስድስተኛውን ስናባርር ግን ‹ትዕግሥት የሰነፍ ትራስ ነው› ብለው ነበር።»

«ማን ነው ያለው?»

«እርስዎ። ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል፤ ከሥሩም ፈርመዋል።»

ሊቀመንበሩ ፊርማቸውን እንደማያውቁት ሰው አዩት። ከዚያ ጥፋቱን ሊያከፋፍሉ ሞከሩ፦ ሣሩ ረዝሟል፣ ዳኛው አድልቷል፣ በረኛው ፍቅር ይዞታል።

«ይሁን» አለ ጥርስ ሐኪሙ፣ እንደ ሥራው ድምፁን አለስልሶ። «አሰልጣኙ ካልሆነ ጥፋተኛው ማን ነው? ደጋፊው በር ላይ ቆሟል፤ አንድ ሰው መስጠት አለብን።»

ሊቀመንበሩ ሦስቱን የልጅ ልጆች አሰቡ። ያለቻቸውን አንዲት መታጠቢያ ቤትም አሰቡ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «እኔን አሰናብቱ።»

ቃሉ ሳያልቅ የጥርስ ሐኪሙ እጅ ወጥቶ ነበር። የሌሎቹም ተከተለ፤ የራሳቸውም ጭምር። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ አለፈ፤ ክለቡ በተመሠረተ በሃያ ዓመቱ ሰዎቹ የተስማሙበት የመጀመሪያው ጉዳይ መሆኑ ነው። ሰውዬው እያፏጩ ቤታቸው ገቡ። «ሥልጣን ይቅርብኝ» አሏቸው ለባለቤታቸው፣ «ሰላሜን ገዝቻለሁ።»

ማክሰኞ ጥርስ ሐኪሙ ሊቀመንበር ሆኖ የመጀመሪያ ስብሰባውን መራ። ከደንቡ ላይ ማንም አንዲት ቃል አልሰረዘም። አሰልጣኙን ለማባረር አራት ደቂቃ በቃው፤ ሦስቱ ያለቁት ደግሞ ማተሚያው ወረቀት ነክሶ ነው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ የጭነት መኪና የቀድሞው ሊቀመንበር ደጃፍ ቆመ። አማች ቀድሞ ወርዶ አልጋው በር ላይ እንዴት እንደሚያልፍ ማብራራት ጀመረ።

«አባባ፣ እርስዎ በግራ ክንፍ ይግቡ። ሰፋ አድርገው! አሁን ወደ መሐል ይጥበቡ!»

አባባ ጠበቡ። አልጋው በሩ ላይ ተቀረቀረ፤ እሳቸውም በአልጋውና በግድግዳው መካከል።

«ችግሩ አጨራረስ ላይ ነው» አለ አማች።

ሚስታቸው ከውስጥ ብቅ ብለው ሁለቱን ገላመጧቸው፤ ከልጃቸው ጋር አልጋውን በጎኑ አቁመው አሳለፉትና አባወራው ሠላሳ ዓመት ወደተኙበት መኝታ ቤት ይዘውት ገቡ።

«የእኔስ አልጋ?» አሉ ሰውዬው፣ ክርናቸውን እያሻሹ።

«ልጆቹ ያንተው ላይ ይተኛሉ። አንተ ሳሎን፣ ከእሱ ጋር።»

አማች ፊቱ በራ። ሰሌዳውን ከመኪናው አወረደና ከሶፋው ፊት ለፊት ሚስማር ይፈልግ ጀመር።