ኬኔ የሰጠችው ደም

ኬኔ ማይክሮስኮፑ ላይ ካጎነበሰች ቆየች። ነቀምቴ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ ላብራቶሪ ስትሠራ ስድስተኛ ዓመቷ ነው፤ እንዲህ ያለ ደም ግን አይታ አታውቅም። ክብ መሆን የነበረባቸው ቀይ የደም ሕዋሶች ዙሪያቸውን እሾህ አውጥተዋል። ደሙን የቀባችበት ስላይድ በደንብ ሳይደርቅ ቀርቶ ይሆናል ብላ ሌላ ሠራች። ማቅለሚያውን ለወጠች። ደሙንም እንደገና ቀዳች። ያው ነው።

ደሙ የእናቷ ወንድም የመርጋ ነው። መርጋ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ወፍጮ ቤት አለው፤ መጠጥ በማትፈቅደው የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ ነው። አባቷ ከሞተ በኋላ አሳድጎ ያስተማራት እሱ ነው። ሰሞኑን ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ጥቂት ሲራመድ ትንፋሹ እየተቆራረጠ መጣ።

ዶክተር ወልደሩፋኤል ስላይዱን አየና «መጠጥ ይጠጣሉ?» አላት።

«ኤሱማዬ? አጎቴ እንኳን ሊጠጡ፣ ሰርግ ላይ ጠላ ሲቀርብ ተነሥተው ነው የሚሄዱት!»

መርጋም ሲጠየቅ «አልጠጣም» አለ።

ደሙ እጅግ ስላነሰ ሆስፒታል ተኛ። የኬኔ ደም ከእሱ ጋር ስለገጠመ ሰጠችው። በአሥረኛው ቀን ናሙና ወስዳ አየች። ቢያንስ ከእሷ የሄዱት ሕዋሶች ክብ ሆነው መታየት ነበረባቸው። ብትፈልግ ብትፈልግ ሁሉም እሾሃም ነው። የራሷን ጣት ወግታ ከጎኑ አየችው፤ ክብ፣ ለስላሳ። እሷ ውስጥ ደህና የነበረ ደም እሱ ጋ ሲሄድ ምን ነካው?

«ጥፋቱ የደሙ አይደለም፣ የጉበታቸው ነው» አላት ዶክተሩ። «ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ ያለው ስብ ይዛባል። ያ ስብ ሕዋሱ ላይ ይለጠፍና ቅርጹን ያበላሸዋል። የማንም ደም ቢገባ አይተርፍም። እኔ ይህን ያየሁት ብዙ በጠጡ ሰዎች ላይ ነው።»

ሆስፒታል ሄዳ በኦሮምኛ ደህንነቱን ጠየቀችው።

«አካም ጅርቱ፣ ኤሱማ?»

«ፋያ፣ ኢንተላ ኮ» አላት፤ ደህና ነኝ፣ ልጄ ማለቱ ነው።

ያየችውን ነገረችው። መርጋ ግራ ተጋብቶ እጁን አገላብጦ አየ።

«ያንቺም ተበላሸ? ያንቺ ደም ምን አጠፋ?»

 ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ጉቴ ከተማ ወፍጮ ልጠግን ነው እያልኩ የምሄደው... አረቄ ቤት ነው። ዘጠኝ ዓመቴ። ለአዜብ አንቺ ንገሪልኝ።»

ታልቅስ ትቆጣ አላወቀችም። ሚስቱ አዜብ ጋ ሄዳ እየተንተባተበች ነገረቻት። አዜብ የምትለቅመውን ምስር አላቆመችም።

«የስንት ዓመቱን ነው የምትነግሪኝ?»

«ያውቁ ነበር?»

«አብሬው አይደል የምተኛው? እኔማ አንቺ የሰው ደም የምታዪ ስለሆንሽ አውቀሽ ዝም ያልሽ መስሎኝ ነበር። ታዲያ እኔ ምን ብዬ ልናገር?»

 አዜብ የኬኔን አፍ ስትጠብቅ፣ ኬኔ ደግሞ ምንም ሳታውቅ ዓመታት አልፈዋል።

መርጋ ከዚያ ወዲህ አረቄ አልቀመሰም። ከአምስት ወር በኋላ የዓይኑ ቢጫነት ቀለል አለ፤ ከሕዋሶቹ ግን ግማሾቹ ገና እሾሃም ናቸው። ዶክተሩ መርጋ ይድናልም አይድንምም አላለ። እሁድ እሁድ ኬኔ አጠገቡ ትቀመጣለች። አዝናለት ይሁን ተቀይማው፣ ራሷም አታውቅም።