ጭጋግ አገርን ማን ዘጋው

«ሌላውን ሁሉ አንብበሽ ይሄን ለምን ዘለልሽው?» አለ ሽማግሌው ራውኖ ከኋላ ወንበር ብድግ ብሎ።

ቱሊኪ ካርዱን ከሌሎቹ ሥር ሸጎጠችው። አባቷን ኤስኮን ከቀበሩ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላም። በላህቲ ከተማ በደብሩ አዳራሽ ሰው ሁሉ ኬኩን ይዞ ተቀምጧል፤ እሷ እንደ ወጉ የሐዘን ካርዶቹን እያነሳች ድምጿን ከፍ አድርጋ ታነባለች። ይህኛውን የፈረሙት አባቷ የሠራው የኮምፒውተር ጨዋታ ተጫዋቾች ናቸው፣ ሠላሳ ስምንት ሰው። ካነበበችው ሟቹ በገዛ ለቅሶው ሊሰደብ ነው።

«እዚህ የመጣነው ልንቀብር ነው» አለች። «የጨዋታችሁን ጣጣ ሌላ ቦታ።»

እኛ ፊንላንዳውያን ለቅሶ ላይ አንጣላም፤ እንኮራረፋለን እንጂ። ሰዉ ሁሉ ሳህኑ ላይ አቀረቀረ።

ኤስኮ «ጭጋግ አገር»ን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1991፣ ተማሪ ሳለ ነው። ሥዕል የለው፣ ድምፅ የለው፤ «ወደ ሰሜን ሂድ» ብለህ ትጽፋለህ፣ ኮምፒውተሩ የደረስክበትን ይነግርሃል፣ እዚያም ከሌላ አገር የገባ ሰው ታገኛለህ። በአምስት ልጆች ተጀምሮ ሦስት ሺህ ሰው ገባበት። ቱሊኪ ደግሞ የአባቷን ጀርባ እያየች አደገች። ለምርቃቷ እንኳ አልመጣም፤ የጨዋታው ዘንዶ ተበላሽቶበት ነው አሉ። ያን ዘንዶ አፈር ይብላውና።

ከስድስት ዓመት በፊት ግን ኤስኮ ጨዋታውን ድንገት ዘጋው።

«ሟች ሚስቴ ሪትቫ እዚያ ጨዋታ ውስጥ ቤት ሠርታ ነበር» አለ ራውኖ። «ግድግዳው ላይ ለእኔ የጻፈችው ነገር ነበር። በየሳምንቱ እየገባሁ አነበው ነበር። አባትሽ አንድ ማክሰኞ ደመሰሰው። ለምን እንደሆነ እንኳ አልነገረንም፤ ልብ የሌለው ሰው።»

ቱሊኪ ያን ማክሰኞ ታስታውሰዋለች። ነፍሰ ጡር ነበረች። «ወይ ጨዋታህን ዛሬ ዝጋ፣ ወይ የልጅ ልጅህን አታይም» አለችው። «ሳምንት ስጪኝ፣ ሰዎቹ የጻፉትን ይውሰዱ» ብሎ ለመናት። «ዛሬ» አለች። ዘጋው፤ ስሟን ለማንም ሳያነሳ ስድቡን ውጦ ሞተ።

ካርዱን አነሳች። «ኤስኮ፣ ይቅር አላልንህም። ሳንሸኝህ ግን አልቀረንም» ብላ አነበበች። ከዚያ ቀና አለች። «ያስዘጋሁት እኔ ነኝ። እሱ ሳምንት ለምኖኝ ነበር፤ እምቢ አልኩት።»

ራውኖ ወደ ፊት መጣ። «ስድስት ዓመት ሙሉ የረገምኩት እሱን ነው» አለ። «አንቺን ይቅር አልልሽም።»

«አይበሉኝ» አለች። «ሪትቫ የጻፈችው ግን ምን ይል ነበር?»

ራውኖ የመጀመሪያውን መስመር በቃሉ አለላት። ሁለተኛው አልመጣለትም፤ ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ቱሊኪ አጠገቧ ያለውን ወንበር ሳበችለት። ተቀመጠ፤ እሷ ግን ቆማ ጠበቀችው።