ቀንድ አውጣ ነቃይዋ

ሐዲድ መሬት ላይ ዝም ብሎ የተጋደመ ብረት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ አይፈረድበትም። ሐዲድ ግን ታስሮ የሚኖር ነገር ነው። ከሥሩ በተደረደሩት የሲሚንቶ አግዳሚዎች ላይ፣ በእያንዳንዳቸው አንዱ ከውስጥ አንዱ ከውጭ፣ በሁለት ጠምዛዛ ብረቶች ተጠፍሯል። ሐዲዱ አርጅቶ ይቀየር ሲባል መጀመሪያ እነዚህን ብረቶች መንቀል ግድ ነው። ጥቅልል ስለሆኑ የጥገና ሠራተኞቹ ቀንድ አውጣ ይሏቸዋል። ስሙን ያወጣው ሰው ቀልደኛ መሆን አለበት። እውነተኛው ቀንድ አውጣ ዝግ ያለና ማንንም የማይነካ ፍጥረት ነው፤ ይኼኛው ከቦታው ሲፈናጠር የሰው ቅልጥም ይሰብራል።

በአራተኛው የጥገና ቡድን ውስጥ ቀንድ አውጣ በመንቀል መፍቻን የሚስተካከል ወንድ አልነበረም። ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው የሠራተኛ መዝገብ ብቻ ነው፤ ለሌላው ሁሉ መፍቻ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ረጅሙን ዘንግ ከብረቱ ሥር ታስገባለች፣ ቀኝ ጫማዋን ከፊቱ ትደቅናለች፣ አንዴ ጫን ታደርጋለች። ብረቱ ጧ ብሎ ይወጣና ጫማዋ ላይ ያርፋል። ይኼ እግር መደቀን የቡድኑ ሕግ ነው። የተፈናጠረ ቀንድ አውጣ ጓደኛ እንዳይመታ፣ ጠጠር ውስጥ ገብቶም እንዳይጠፋ፣ የነቀለው ሰው በጫማው መያዝ አለበት። አዲስ ሰው ቡድኑ ውስጥ ሲገባ ከዘንግ አያያዝ በፊት የሚማረው እግር አደቃቀን ነው። ያልያዘ ሰው እስከ ማታ ይሰደባል።

ታዲያ አምና ቀኝ ትከሻዋ ከዳት። መጀመሪያ ደበቀችው፤ በኋላ ቀበቶዋን ለማሰር እንኳ ባሏን መጥራት ጀመረች። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ወደ መብራቱ አንስቶ አየና፣ “ከእንግዲህ ዘንግ የለም” አላት። መሥሪያ ቤቱ በበኩሉ ሁለት መንገድ አስቀመጠላት፤ ወይ አዲሲቱን የመንቀያ ማሽን በሦስት ሳምንት ውስጥ ተምራ ፈተናዋን ማለፍ፣ ወይ ዕቃ ግምጃ ቤት ገብታ መቀመጥ። የግምጃ ቤቱ አንድ ለእናቱ የሆነ መስኮት የሚያሳየው የጎረቤትን ግንብ ነው።

“ከነነፍሴ መደርደሪያ ላይ ሊያስቀምጡኝ ነው” አለችው የቡድኑን አለቃ።

አለቃው ሳቀ፣ ግን ሳቁ ቶሎ ጠፋ። ፀጉሩ ጥቁር ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ አብረው ሠርተዋል። “መፍቻዬ፣ አንቺ ከሄድሽ ይኼን ወሬኛ መንጋ ማን ያሠራልኛል?” አላት።

መንጋ ያላቸው ስድስቱን ወንዶች ነው፤ ወሬኛ ያለው ግን በተለይ አንዱን ነው። ያ ሰው ሬዲዮ ይባላል፤ ለምን እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም። ማሽኗ ከመኪና በወረደች ዕለት ሬዲዮ ዞሮ ዞሮ አያትና፣ “ከእጅ አይሻል ዶማ!” ብሎ ፈረደባት። እውነትም ስትታይ የምታስፈራ አልነበረችም። በሐዲዱ ላይ በትንንሽ መንኮራኩሮች ትሄዳለች፣ ቤንዚን ትጠጣለች፣ ከኋላ ሁለት እጀታ፣ ከሥር ሁለት መንጋጋ አላት። ሠራተኛው ቆሞ እየገፋ አግዳሚው ላይ ሲደርስ እጀታውን ይጫናል፤ መንጋጎቹ የግራና የቀኙን ቀንድ አውጣ በአንድ ጊዜ ነክሰው ይስባሉ። በቃ። መጎንበስ የለ፣ ዘንግ የለ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ስድስት ሰው ውሎ የሚነቅለውን ነቀለች። በዚያ ቀን ሬዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠፋ።

መፍቻ ማሽኗን በሁለት ቀን ለመደች። እግሯ ግን ወይ ፍንክች!

መንጋጋው ጧ ባለ ቁጥር ቀኝ እግሯ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ብድግ ብሎ ወደፊት ይሄዳል። እዚያ ደግሞ መንጋጋው አለ። ማሽኗን ለማስተማር የመጣው አሰልጣኝ በዕድሜ የታናሽ ወንድሟ እኩያ ይሆናል፤ ትሑት ነው፣ ግን ድምፁ እስኪዘጋ አስጮኸችው።

“እግርዎ፣ እትዬ!”

“ይቅርታ።”

“እግርዎ!”

“አየሁት፣ አየሁት።”

“ቢያዩትማ አይወጣም ነበር! ይቺ መንጋጋ ብረትና ሥጋ አትለይም እኮ። ከቢጫው መስመር አንዴ ካለፈ ፈተናው አለቀ። አንዴ!”

ቢጫው መስመር የማሽኗ ደረት ላይ የተቀባ ነው። መፍቻ በሕልሟ ሁሉ ታየው ጀመር። እግሯን ተቆጣችው፣ ለመነችው፣ አንድ ቀን ጫማዋ ውስጥ ጠጠር ጨምራ ሞከረች፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ሬዲዮም ዝም አላለም። “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል እሰማ ነበር፤ የመፍቻ እግር ግን ባለቤቱን ጥሎ ሄደ!” አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ ትፈርስ ነበር። አሁን ግን አንጀቷን አሳረረው። ፈተናው አራት ቀን ቀርቶታል፤ ግንቡ የሚታይበት ወንበር እየጠበቃት ነው።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። የፊተኛው ክፍል ሱቁ ነው፤ መስፊያው፣ የመተኮሻው ጠረጴዛ፣ በግድግዳው ላይ ባለቤቶቻቸውን የሚጠብቁ ሱሪዎች። የዚያን ዕለት ከሥራ ስትመለስ ወንበር ገልብጣ እንደ ማሽኗ መግፋት ጀመረች፤ ባሏ በየእርምጃው ጠረጴዛውን በመለኪያ እንጨቱ እንዲመታ አዘዘችው። እሱም እሺ ብሎ መታ። ጧ! እግሯ ብድግ። ጧ! እግሯ ብድግ። ሱሪ ሊወስድ የመጣ ደንበኛ በሩ ላይ ቆሞ ጥቂት አየና ሌላ ቀን እመጣለሁ ብሎ ሄደ።

ወንበሩን አቃንታ ቁጭ አለችና አለቀሰች። ደብቃ አይደለም፤ እንደ ልጅ።

ባሏ የሚያባብል ሰው አይደለም። መለኪያ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳደረገ እግሯን ተመለከተና፣ “አንድ ደንበኛ ነበረኝ” አለ። “ኮት በሰፋሁለት ቁጥር ለብሶ ሲሞክር እጁ ደረቱን ይዳብሳል። እንዲህ፣ እንዲህ። ልቡን ያመዋል ብዬ ስፈራ ከረምኩ። ለካስ የድሮው ኮቱ እዚህ ጋ የመነጽር ኪስ ነበረው። ኪሷን ስሰፋለት እጁ ዐረፈ።”

“እና እኔ ምን ላድርግ? ኪስ ልሰፋ?”

“እጁ አላጠፋም ነው የምልሽ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አሁን ንገሪኝ፣ ይኼ እግር ምን ፈልጎ ነው የሚወጣው?”

“ቀንድ አውጣውን ሊይዝ ነዋ!”

“ማሽኗስ? ትይዘዋለች?”

መፍቻ ከወንበሩ ተነሣች። ማሽኗ ትነቅላለች እንጂ አትይዝም። ከመንጋጋዋ ኋላ ያለችው የቆርቆሮ መከለያ የሠራተኛውን ቅልጥም ትጋርዳለች፤ ወደፊት የሚፈናጠረውን ብረት ግን የሚያቆመው የለም። ከሁለት ሳምንት በላይ ወንዶቹ ከማሽኗ ፊት እየተበታተኑ እንደ ዶሮ ጠጠር ውስጥ ሲለቅሙ ውለዋል፤ አንዱም ለምን ብሎ አልጠየቀም። እግሯ ብቻ ነበር የጠየቀው።

በማግስቱ ከጥገና ጋራዡ የተጣለ የከባድ መኪና ካላማዳሪና የድሮ ሸራ ተሸክማ መጣች፤ በግራ ትከሻዋ። ባሏ ጎማውን በጣት ስፋት ቆርጦ ዘርፍ ዘርፍ አደረገው፣ ሁለት እጥፍ ሸራ ላይ አያይዞ ሰፋው። እንዲህ የሆነበት ምክንያት አለው፤ መጋረጃው አግዳሚውና ጠጠሩ ላይ ሲደርስ መሰንጠቅና ማለፍ አለበት፣ ለብረት ግን መከፈት የለበትም። ለሠርግ ልብስ እንኳ እንዲህ አልተጨነቀም። ሁለቴ ፈትቶ ሰፋው፣ አራት መርፌ ሰበረ፣ ያለቀው የፈተናው ዋዜማ ነው። ማሽኗ ላይ አንድም ቀን አልተሞከረም።

ፈተናው ባቡር በማያልፍበት፣ በሚቀየረው አሮጌ ሐዲድ ላይ ነው፤ ከጎኑ ባለው መስመር ግን ጠዋት በሁለት ባቡሮች መካከል ያለው ክፍት ሰዓት ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። በዚያ ውስጥ የመቶ ሃያ አግዳሚ ቀንድ አውጣ መነቀል አለበት። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው ተቆጣጣሪ ጫማው ተወልውሎ ያበራል፤ ደብተሩን ደረቱ ላይ ይዞ ሐዲዱ ዳር ቆመ። መፍቻ መጋረጃውን አውጥታ ማሽኗ አፍንጫ ላይ ስታስር ባየ ጊዜ ፊቱ ተለወጠ።

“ምንድን ነው ይኼ?”

“መጋረጃ ነው፣ ጌታዬ። ቀንድ አውጣው እንዳይዘል።”

“መመሪያው ላይ የለም። አውልቂው።”

አሰልጣኙ ወደ እሷ ተጠግቶ፣ “እትዬ፣ ዛሬ አይሆንም፣ እባክዎ” ብሎ አንሾካሾከ። አለቃው መሬት መሬት ያያል። መፍቻ አወልቀዋለሁ ብላ እጇን ዘርግታም ነበር። ከዚያ የሬዲዮን የተላጠ ቅልጥም አየች፤ ባለፈው ሳምንት ሲለቅም የተመታው ነው። ስለ እሱም ቀልዶበት ነበር።

“አላወልቅም” አለች። ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት። “ሦስት ሳምንት እግሬን ስሰድብ ከረምኩ። እግሬ የሚወጣው ብረቱ ስለሚዘል ነው። ብረቱን የሚይዝ ነገር ካለ አይወጣም። ካላመኑኝ ያለ መጋረጃ ይሞከር፤ ከዚያ ግምጃ ቤትም ቢሆን ይላኩኝ፣ እሄዳለሁ።”

“ፋብሪካው ሞክሮታል፤ አይዘልም” አለ ተቆጣጣሪው።

“በአዲስ ብረት ሞክረው ይሆናል። ይኼ ዝገት የበላው ነው።”

ነገሩን የቆረጠው አሰልጣኙ ነው። መጋረጃውን ፈታ፣ “እኔ እነዳለሁ፤ ጥቂት አግዳሚ ብቻ” አለና ሞተሩን አስነሳ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ምንም። ተቆጣጣሪው ይኸው አይደል በሚል ዓይን መፍቻን እያየ ከጎን ከጎን ይራመዳል። መፍቻ ያን ጊዜ የተሰማት ፍርሃት ሳይሆን ሐፍረት ነው፤ ባሏ የሰበራቸው አራት መርፌዎች ታወሷት። ስምንተኛው ላይ ጧ! ቀንድ አውጣው በመከለያው ጎን ሾልኮ ሐዲዱን ነጠረና መጣ። የሚያበራው ጫማ ከነባለቤቱ አየር ላይ ወጣ።

“እግርዎ፣ ጌታዬ!” አለ ሬዲዮ።

አለቃው ዓይኑን ጨፈነ። ተቆጣጣሪው መሬት ከነካ በኋላ መጀመሪያ ጫማውን፣ ቀጥሎ ብረቱ የወደቀበትን ቦታ አየ። ሄዶ በእርምጃ ለካው፤ ዘጠኝ እርምጃ። ብረቱን አንስቶ በእጁ መዘነው፣ ወደ ሬዲዮ ዞረ፣ ከንፈሩ ዳር ላይ ትንሽ ነገር ተንቀሳቀሰች።

“መጋረጃውን ስቀሉት” አለ። “ፈተናው ግን ያው ነው። እግር ቢጫዋን ካለፈ፣ አለቀ።”

ከሰዓቱ ሩቡ ሄዷል። መፍቻ እጀታውን ያዘች። የመጀመሪያው ላይ ስትጫን እግሯ ቃጣው፤ ተረከዟ ከመሬት ሲነሳ ታወቃት፣ ጥርሷን ነከሰች። ነገር ግን ጧ አልተባለም። ብረቱ ከጎማው ጋር ተጋጭቶ ዱብ አለና እዚያው መጋረጃው ሥር ወደቀ። ሁለተኛው፣ ዱብ። አምስተኛው ላይ ተረከዟ አልተነሳም። ሃያኛው ላይ እግሮቿ ሁለቱም እኩል ይራመዱ ነበር፤ ወደ ገበያ የምትሄድ ሴት አረማመድ። ወንዶቹ ከኋላዋ መስመር ሠርተው፣ ሳይበታተኑ፣ ብረቱን ከወደቀበት እያነሡ ይከተላሉ። አሰልጣኙ ለመጮህ ተዘጋጅቶ አፉን እንደከፈተ መቶኛው ላይ ደረሰ።

መቶ ሃያኛው ሲያልቅ ባቡሩ ገና ሃያ አምስት ደቂቃ ይቀረው ነበር። ተቆጣጣሪው ደብተሩ ላይ ለረጅም ጊዜ ጻፈ። “ነቃይዋ አልፋለች” አለ። “መጋረጃውን ደግሞ ለሌሎቹ ስድስት ማሽኖች እፈልገዋለሁ። ማነው የሠራው?”

“ልብስ ሰፊ ነው” አለች መፍቻ። ስድስቱ ወንዶች በአንድ ጊዜ ጮኹ፤ አንዱ የራስ ቆቡን ወደ ሰማይ ወረወረ፣ ሬዲዮ የማንም ጆሮ የማይችለውን ዘፈን ጀመረ። አለቃው ብቻ ሳይጮህ ቀስ ብሎ መጣ። እጇን ሊጨብጥ እጁን ዘረጋና የሐኪሙ ቃል ትዝ ሲለው መለሰው።

“ትከሻሽስ?” አላት።

መፍቻ ወደ ግራ ትከሻዋ አየች፣ ከዚያ ወደ ቀኙ። የታመመው የቱ እንደሆነ ለማስታወስ ማሰብ ነበረባት።