የሞቀ ልጓም

ሴትዮዋ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ናት፤ ቃል ሞልቶ ተርፏታል። ለታናሽ ወንድሟ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር ያስቀመጠችለት። አባታቸው ከተቀበረ ጀምሮ ስታላምጠው ሰንብታለች፦ «አባባ የሞተው በር በሩን እያየ፣ አንተን እየጠበቀ ነው።» ወንድምየው በስልክ «መጣሁ፣ መጣሁ» እያለ ሲሸነግላቸው ቆይቶ ለቀብሩ እንኳ አልደረሰም። ዛሬ ይመጣል። ይምጣ! ልክ ልኩን ትነግረዋለች።

እጇ ሥራ መፍታት አያውቅምና እስኪመጣ ድረስ በአባቷ ጠረጴዛ ላይ ወረቀቷን ዘረጋች። ተራው የእንግሊዝኛው «ሪፍሬይን» ነበር። ትርጉሙ አላስቸገራትም፤ ሰው ሊያደርገው ወይም ሊናገረው የቃጣውን ነገር ራሱን ገትቶ ሲተወው ነው። ማንም ሳይዘው፣ ከልካዩም ተከልካዩም ራሱ ሆኖ። ምንጩን ስትከተል ቃሉ ከእንግሊዝኛ ወደ ድሮ ፈረንሳይኛ፣ ከዚያም ወደ ላቲን ወሰዳት። እዚያ «ፍሬኑም» የሚል ቃል አገኘች። ልጓም ማለት ነው። መኪና የምናቆምበት ፍሬን ሳይቀር በጣልያንኛ በኩል ዞሮ የመጣ የዚሁ ቃል ዘመድ ነው።

ብዕሯን አስቀመጠች። ቀና ስትል የአባቷ ልጓም ፊት ለፊቷ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ የጋሪ ፈረሱ ከሞተ ወዲህ ከዚያ አልወረደም።

አባቷ ዕድሜ ልኩን ጋሪ ነጂ ነበር። ውርጭ ባደረበት ጠዋት ሁሉ የልጓሙን ብረት ፈረሱ አፍ ውስጥ ከማግባቱ በፊት ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ያሞቀዋል። ቅዝቃዜው ሲነካው ፊቱ ጭምድድ ይላል። ሌሎቹ ጋሪ ነጂዎች ይስቁበት ነበር።

«ታዲያ ለምን ቁርሱንም አታጎርሰውም?»

«የሚያጎርሰኝማ እሱ ነው» ይልና ብረቱን መልሶ ይሸጉጠዋል። ሰውዬው ብርዱን በገዛ ገላው ሳይቀምስ ሌላውን ፍጥረት ገትቶ አያውቅም።

ይህ ትዝ ሲላት አለቀሰች። ቁጣዋ ግን አልበረደም፤ መዋሸት ምን ያደርጋል።

ወንድሟ ከሰዓት በኋላ ገባ። ከስቷል፤ ሸሚዙ ሰፍቶታል። ተነሥታ አላቀፈችውም። እሱም የአባቱን ባዶ አልጋ አየና ሻንጣውን እንደያዘ በሩ ሥር ካለችው ወንበር ላይ እንደ እንግዳ ተቀመጠ።

«እትዬ» አለ፣ ወለሉን እያየ። «አባባ ጠይቆኝ ነበር?»

ዓረፍተ ነገሩ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። እውነት ነው። ይገባዋልም። አንዴ ከወጣ ግን ይህ ልጅ እስኪሞት ድረስ ተሸክሞት እንደሚዞር ታወቃት፤ የሚሸከመውም በእሷ ድምፅ ይሆናል። አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። የዋጠችው ነገር ጉሮሮዋን እየፋቀ ወረደ። አባቷ ያን ብረት ብብቱ ሲከተው እንዴት እንደሚያንዘፈዝፈው ገና አሁን ገባት። ወንድሟ መልሷን እየጠበቀ ነው።

«ስምህን ይጠራ ነበር» አለችው በመጨረሻ። «ሲጠራህ ፊቱ ፈካ ይል ነበር።» ይህም እውነት ነበር።

ወንድሟ ሻንጣውን እንዳቀፈ ጎንበስ ብሎ አለቀሰ። ቆይቶ በእጅጌው ፊቱን ጠረገ።

«በር በሩን እያየ እንደሞተ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው መንገድ ላይ ነግሮኛል» አለ። «ከአንቺ አፍ ብቻ እንዳልሰማው ነበር እየለመንኩ የመጣሁት።»

ያን ጊዜ ነው ሄዳ ያቀፈችው።