የተጠረገው ሰሌዳ

ተካ እጁን ከጠመኔ ብናኝ ታጥቦ ሲመለስ ሰሌዳው ባዶ ነበር። ዓለምሰገድ ዳስተሩን እንደያዘ ፈገግ ብሎ ቆሟል።

“ጠረግሁልዎት ጋሼ። እርስዎ ክፍል ሲገቡ ሰሌዳ ቆሽሾ ጠብቆዎት ያውቃል?”

ድሮ ተካ ሲያስተምረው ዓለምሰገድ የክፍል አለቃ ነበር። አሁን የኮሌጁ የቋንቋ ክፍል ኃላፊ ነው፤ ተካን ዛሬ ለኮሌጁ መምህርነት የሚፈትነውም እሱ ነው።

“ምነው ልጄ! የዛሬው ትምህርቴ እኮ ነው የጠረግኸው!”

የዓለምሰገድ ፈገግታ ጠፋ። “አንድም ፊደል አላወቅሁትም። ተማሪ የተጫወተበት መሰለኝ።”

ተካ ከሰሌዳው እስከ በሩ መመላለስ ጀመረ። ሌኒንግራድ ተምሮት ሃያ ዓመት ማንም ሳይጠይቀው የኖረውን የሩስያ ቋንቋ ትምህርት ከአሮጌ መጽሐፉ እያየ ነበር የገለበጠው፤ አብዛኛው ከጭንቅላቱ ጠፍቷል። መጽሐፉን ደግሞ ተመልሶ ቤት አድርሶታል፤ ሲገልጥ እንዳይታይ አፍሮ። ይህ ሥራ ካመለጠው ወደ ሩቁ ማጂ መዛወሩ ነው። ሚስቱ አሰጋሽ “ሱቄን ዘግቼ አልከተልህም” ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። በዚህ ዕድሜው ከእሷ ተለይቶ መኖር አይሆንለትም።

ሌላዋ ፈታኝ ዲቦራ ገብታ ተቀመጠች።

“ፈተናውን ለነገ እናስተላልፈው” አለ ዓለምሰገድ በጆሮው። “ጥፋቱ የኔ ነው፤ እኔ አስረዳለሁ።”

ተካ እሺ ሊል ነበር፤ ዲቦራ ቀደመችው።

“ርዕስዎ ምን ነበር መምህር?”

“የሩስያ አናባቢና ከፊል አናባቢ፤ እንዴት እንደሚለዋወጡ።”

“ለዚህ አገር፣ ለሸኮና ለሸዋ ቤንች ልጅ የሩስያ ድምፅ ምን ይሠራለታል?”

“ጆሮውን ይከፍትለታል!” አለ ተካ ተናዶ። “ፒት ማለት መጠጣት ነው። እጠጣለሁ ሲሉ ግን ፕዩ ይላሉ። ተነባቢ ሲከተለው ኢ ሆኖ የቆመው ድምፅ፣ አናባቢ ሲከተለው ሸርተት ብሎ ይ ይሆናል።”

“ፕዩ” ብላ ደገመች ዲቦራ፤ ሳቋ መጣ።

ተካ ሁለት ቃል ያለ መጽሐፍ ከአፉ መውጣቱ ገረመው። ሦስተኛው ይምጣ አይምጣ እንጃ። ዛሬ ካፈገፈገ ግን ነገ ጭራሽ ከቤቱም እንደማይወጣ ያውቃል።

“ታዲያ ነገ ይሁን ጋሼ?”

“ነገ የለም።” ተካ ጠመኔውን ዘረጋለት። “ና ወደ ሰሌዳው ውጣ። እኔ እናገራለሁ፣ አንተ በኛው ፊደል ትጽፋለህ።”

ኃላፊው ዲቦራን አየት አደረጋት። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ ጣለና ጠመኔውን በሁለት እጁ ተቀበለ።