የድንቅነሽ በር

መጀመሪያ የጠፋው ራዲዮው ነው። ቀጥሎ ጋቢ፣ ከዚያ ደግሞ ለዘር የተቀመጠ አንድ ትንሽ ጆንያ ገብስ። ሦስቱም የጠፉት በጠራራ ፀሐይ፣ ሰጠኝ ደባርቅ ገበያ በወረደባቸው ቅዳሜዎች ነበር።

ሰጠኝ በተራራው የዱር እንስሳት ፓርክ ሠላሳ ዓመት ስካውት፣ ማለት ጠባቂ፣ ሆኖ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከቡይት ራስ ወዲያ ባለው ገደል ዱካ ሲከተል ኖሮ የገዛ ቤቱን ሌባ ዱካ ማጣቱ ከዕቃው በላይ አንገበገበው። በሩ አልተሰበረም፣ መስኮቱ አልተነካም። ባለቤቱን ድንቅነሽን ሲጠይቃት "ኧረ ማንም አልመጣ" ትለዋለች። ካለፈው ክረምት ወዲህ ነገር ትረሳለች፤ ወጡ ላይ ሁለቴ ጨው ትጨምራለች። እርጅና ነው ብሎ አልፎታል።

ጥርጣሬው ያረፈው ከአጥሩ ማዶ በተከራየው በይግዛው ላይ ነው። ይግዛው በሊማሊሞ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሌሊት ያሽከረክርና ቀን ቤቱ ይውላል። ሰጠኝ በአፉ ምንም አላለውም። ሰላምታውን ብቻ ነፈገው።

በመጨረሻ ከመናኸሪያው ጀርባ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ወዳላት ወደ የትናየት ሄደ። የትናየት አንድ ነጭ ካሜራ ከካርቶኑ አወጣች።

"ይሄ ዘመናዊ ነው፣ ጋሼ ሰጠኝ። ምስሉ በኢንተርኔት ሄዶ ውጭ አገር ይቀመጣል። ሌባው ካሜራውን ነቅሎ ቢወስደው እንኳ ምስሉ አይጠፋም።"

"የደባርቅን ሌባ ውጭ አገር ነው የሚያስቀምጡልኝ?"

የትናየት ሳቀች። "ለማስቀመጫው በየወሩ ይከፈላል።"

"ባልከፍልስ?"

"መቅዳቱን ያቆማል።"

"ኔትወርክ ሲጠፋስ?"

የትናየት ካሜራውን ወደ ካርቶኑ መለሰች። ትናንት ከጧት እስከ ማታ ኔትወርክ እንዳልነበረ ሁለቱም ያውቃሉ።

"እኛ እኮ ገደል አፋፍ ላይ ሰው ስንመድብ ብቻውን ውሎ የሚያድር ነበር የምንመርጠው" አላት። "እንደዚያ ያለ የለሽም?"

የትናየት ሌላ ካርቶን አወረደች። የክብሪት ቀፎ የሚያካክሉ ሁለት ቁራጮች ነበሩ፤ አንዱ በሩ ላይ፣ አንዱ መቃኑ ላይ የሚለጠፍ። በሩ ሲከፈት ሁለቱ ይለያዩና ያለ ሽቦ ቤት ውስጥ ላለው ሳይረን ይነግሩታል። አብሯቸው ያለው ካሜራ ደግሞ ምስሉን እዚያው በሆዱ ባለች ሚሞሪ ይይዛል፤ ባትሪውን ትንሽ ሶላር ይሞላዋል። ወርሃዊ ክፍያ የሚባል ነገር የለውም።

"እንከኑንም ልንገርዎት" አለች። "ሚሞሪው ሲሞላ አሮጌውን እየደመሰሰ ነው የሚቀዳ። ካሜራው ከተሰረቀ ደግሞ ምስሉም አብሮ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ከፍ አድርገው ይስቀሉት።"

ሰጠኝ በወሬ የሚገዛ ሰው አልነበረም። ቁራጮቹን የሱቁ በር ላይ አስለጠፈና ከፈተው። ሳይረኑ ሲጮኽ የባጃጅ ሹፌሮች ሳይቀሩ ሮጠው መጡ። የሱቁን ዋይፋይ አስጠፍቶ ደግሞ ከፈተው። አሁንም ጮኸ። ያንን ገዛ።

ሌባውን እጅ ከፍንጅ መያዝ ስለፈለገ ሳይረኑን ዝም አሰኝቶ፣ ካሜራውን ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ሰቀለው። ለድንቅነሽም አልነገራት። ቅዳሜ ገበያ ደርሶ ተመለሰና ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሚሞሪውን በስልኩ ከፈተ።

አራት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። የወጣችው ድንቅነሽ ነበረች። ንጹሕ ነጠላ ለብሳ፣ አዲሱን ብርድ ልብስ አጣጥፋ አቅፋለች። እንግድነት እንደሚሄድ ሰው ዝግ ብላ እየተራመደች ከግቢው ወጣች። በሩን አልዘጋችውም። ትንሽ ቆይቶ ይግዛው በአጥሩ ሽንቁር ብቅ አለ፤ ግራ ቀኙን አየ፤ መጣና በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ድንጋይ አስደግፎለት ተመለሰ።

ሰጠኝ ምስሉን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አየው። ሌባ ያለው ሰው በሩን ሲዘጋለት ኖሯል።

በሳምንቱ ገበያ የሚሄድ መስሎ ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ ጠበቃትና በሩቁ ተከተላት። ድንቅነሽ ቁልቁል ወርዳ፣ ጅረቱን ተሻግራ፣ ድሮ ቤተ እስራኤሎች ይኖሩበት ከነበረው መንደር ደረሰች። አሁን እዚያ ያለው ሳማ የወረሰው የድንጋይ ግድግዳ ብቻ ነው። ከአንደኛው ፍርስራሽ ገብታ የያዘችውን ዳቦ ድንጋይ ላይ አኖረች።

"ድንቄ" አላት ቀስ ብሎ። "ለማን ነው?"

አልደነገጠችም። "ለማለደ ነዋ! ብርዱ ጠንቶባታል፣ ልጆቿም ገና ሕፃናት ናቸው። ዛሬም ቤት የለችም።"

ማለደን ሰጠኝም ያስታውሳታል። ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ የድንቅነሽ የልብ ወዳጅ። ከቤተሰቧ ጋር በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ከሄደች አርባ ዓመት ሊሆናት ነው። ራዲዮው በጋቢው ተጠቅልሎ፣ ብርድ ልብሱም ተጣጥፎ ጥጉ ላይ ተቀምጠዋል። ገብሱን ወፍ ጨርሶታል።

እውነቱን ሊነግራት አፉን ከፈተ። ፊቷን ሲያየው ተወው።

"መንገድ ሄዳ ይሆናል" አላት፤ አጠገቧም ተቀመጠ። ፀሐዩ እስኪበረታ ድረስ ስለ ማለደ አወሩ። ከወር ለሚበልጥ ጊዜ ሌባ ሲያድን፣ የሚስቱ ልብ ከአጠገቡ እየራቀ መሆኑን አለማየቱ ከነከነው።

ማታውኑ የይግዛውን በር አንኳኳ።

"ይግዛው፣ በልቤ ሌባ ብዬሃለሁ። ይቅር በለኝ።"

ይግዛው ጥቂት አቀረቀረ። "ሰላምታዬን መመለስ ሲተዉ ገብቶኛል፣ ጋሼ። ከፍቶኝ ነበር።"

"ታዲያ በሬን ለምን ትዘጋልኝ ነበር?"

"እማማ ክፍቱን ትተውት ይሄዳሉ። ልነግርዎት ብፈልግስ፣ መቼ ቀና ብለው አዩኝ?"

ሰጠኝ ለመሄድ ዞረ። ይግዛው ግን "ይግቡ እንጂ፣ ውጭው ይበርዳል" አለና ወንበር ሳበለት።

ሰኞ ዕለት ሰጠኝ ወደ የትናየት ተመለሰ። "ይሄ ጩኸት ሌባ ለማባረር እንጂ ለባለቤቴ አይሆንም" ብሎ የሆነውን ሁሉ አጫወታት። የትናየት ሳይረኑን እንደ በር ደወል ለስለስ ባለ ድምፅ ቀየረችለትና፣ በሩ ሲከፈት ከአጥሩ ማዶ የሚደውል ሌላ ትንሽ ደወል ጨመረችለት። እሱን ይግዛው ራሱ አልጋው አጠገብ ሰቀለው።

አንድ ጧት ሰጠኝ፣ ድንቅነሽን ጎንደር ሐኪም ዘንድ የሚያስልካትን ወረቀት ሊያመጣ ደባርቅ ሆስፒታል ሄደ። ሲመለስ ቤቱ ባዶ ነው፤ በሩ ግን በደንብ ተዘግቷል። በቀጥታ ወደ ፍርስራሹ መንደር ወረደ። ከሊማሊሞ ሌሊቱን ሲያሽከረክር አድሮ የገባው ይግዛው፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ የድንቅነሽን ዘንቢል ይዞ አጠገቧ ተቀምጧል። እሷ ማለደ ጭቃውን ከየት ታመጣ እንደነበር በእጇ እያመለከተች ትነግረዋለች፤ እሱም "ከዚያስ፣ እማማ?" ይላታል።